ኤምጂቢ 1971፦ ፍሪሲዮኑን ዘይት ነክቶታል፤ ሞተሩ ከወጣ አይቀር ምን ምን ልቀይር?

ሮድስተር71፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ1971 (እ.ኤ.አ.) ኤምጂቢ፣ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው፤ ክፍቱ፣ ባለ 1798 ሲሲ ሞተር፣ ካምቢዮው ኦቨርድራይቭ ያለው። ሰሞኑን ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀምሯል። ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጠው የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ነው። ከቆምኩበት ስነሳ ደግሞ መላ አካሉ ይርገበገባል። ከሥር ገብቼ ሳየው፣ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ቤት ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ዘይት ጠብ ይላል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ሞተሩን ሳላወጣ መለየት ይቻላል? ሞተሩ ከወጣ በኋላስ እዚያ አካባቢ ምን ምን መቀየር አለበት? የፍሪሲዮኑን ዲስክ፣ ዲስኩን የሚጫነውን ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታውን ብቻ ቀይሬ ዘግቼው ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና መክፈት አልፈልግም።

የዜድ_ወዳጅ፦

ሞተር ማውጣት ለምን አስፈለገ? እኔ ዳትሰን 240ዜድ ነው ያለኝ፤ ካምቢዮውን ብቻ ከሥር አውርጄ ፍሪሲዮን ቀይሬያለሁ።

ጋሽ_ቴስታታ፦

የዜድ ወዳጅ፣ ኤምጂቢ ላይ አይሆንም። የካምቢዮው የፊት ቤት ሰፊ ነው፤ የአካሉ አሠራር ደግሞ ወደ ታች አያሳልፈውም። ስለዚህ ወይ ሞተሩን ብቻውን ወደ ፊት ስበህ ታወጣለህ፣ ወይ ሞተርና ካምቢዮን አንድ ላይ።

ሮድስተር፣ ክሬን ከመፈለግህ በፊት መንሸራተቱ የዘይት መሆኑን አረጋግጥ። ከሃይድሮሊኩ ጋር በጣም ይምታታል። ወደ ታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ የሚወርደው የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ከውስጥ ያብጣል። ፔዳሉን ስትረግጥ ፈሳሹ በግፊት ያልፋል፣ ስትለቅ ግን ቶሎ አይመለስም። ያን ጊዜ ፖምፓው የሚገፋው ሹካ ኩሽኔታውን እንደገፋ ይቀራል፤ ዲስኩም በሙሉ ኃይል አይያዝም። መኪናው በሚንሸራተትበት ሰዓት አቁመህ የታችኛውን ፖምፓ ማስተንፈሻ (አየር የሚወጣባትን ቡሎን) ላላ አድርገው። ፈሳሹ በግፊት ፊጭ ብሎ ወጥቶ መንሸራተቱ ከጠፋ ችግሩ ቱቦው ወይም የላይኛው ፖምፓ ነው፤ ሞተሩን ተወው።

ዘይቱን በተመለከተ፦ ካምቢዮው ቤት ሥር የሚንጠባጠብ ዘይት ሁሉ ከኋለኛው ኦይል ሲል (ክራንኩ ጀርባ ላይ ካለው የጎማ ማሸጊያ) የመጣ አይደለም። ይህ ሞተር ከላይም ከጎንም ያፈሳል፣ ያፈሰሰው ሁሉ ደግሞ ወደ ኋላና ወደ ታች ሄዶ እዚያው ቦታ ይሰበሰባል። እኔ የማያቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። የቫልቭ ክዳኑ የኋላ ጥግ። በካርቡሬተሩ በኩል፣ ከማኒፎልዱ ሥር ያሉት ሁለት የታፔት ክዳኖች፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው መሃል ላይ ባለ አንድ ቡሎን ነው የሚታሰሩት፣ ሰው ሲያጠብቃቸው ቆርቆሮው ይጎብጥና ጓርኒሲዮኑ ዳር ዳሩን ይለቃል። በሌላው ጎን ደግሞ ብሎኩ ጀርባ አካባቢ የዘይት ማቀዝቀዣው ቱቦና የግፊት መለኪያው ቱቦ የሚታሰሩበት ቦታ፤ ይሄኛው ልክ ከባክፕሌቱ (ሞተሩ ጀርባ ላይ ከሚታሰረው ሳህን) አጠገብ ስለሆነ ብዙ ሰው አሳስቷል።

ሞተሩን በደንብ እጠበው፣ አድርቀው፣ የጠረጠርካቸውን ቦታዎች ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንስ። ትንሽ ነድተህ ተመለስና በባትሪ እየው። እርጥበቱ የጀመረበት ቦታ ነጩ ላይ ይታይሃል።

ማርሽ_አራት፦

ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ልጨምር። በሌላ መኪና ላይ ዘይቱን አሽትተህ ትለያለህ፤ የማርሽ ዘይት የራሱ የሚከረፋ ሽታ አለው። ኤምጂቢ ላይ ግን ካምቢዮውም ኦቨርድራይቩም የሚሞሉት እንደ ሞተሩ በ20ደብሊው50 የሞተር ዘይት ስለሆነ አሽትተህ አትለየውም። ቀለሙን ግን እይ። የሞተሩ ቶሎ ይጠቁራል፣ የካምቢዮው ለረጅም ጊዜ ጥርት ብሎ ይቆያል። የሁለቱንም መጠን ለክተህ ጻፍና ከጥቂት ጉዞ በኋላ የቱ እንደቀነሰ እይ። የካምቢዮው ከቀነሰ የፊት ክዳኑ ላይ ያለው ኦይል ሲል ነው።

ጋሽ_ቴስታታ፦

ማርሽ አራት እውነቱን ነው። አንድ የረሳሁት አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማየው እሱን ነው፤ የሞተሩ መተንፈሻ። ከፊተኛው የታፔት ክዳን ተነስቶ ወደ ሁለቱ ኤስዩ ካርቡሬተሮች የሚሄደው ቱቦ። ክዳኑ ውስጥ ዘይቱን ከአየሩ የሚለይ የሽቦ ወንፊት አለ፤ በዓመታት ዝቃጭ ይደፈናል። መተንፈሻው ሲደፈን በፒስተኖቹ ጎን የሚያልፈው ጋዝ መውጫ ያጣና በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ዘይቱን በደከመው ቦታ ሁሉ ይገፋዋል። አዲስ ኦይል ሲል አስገብተህ መተንፈሻውን እንደተደፈነ ብትተወው አዲሱም ያፈሳል። ስለዚህ የፊተኛውን ክዳን ፈትተህ በቤንዚን እጠበው፣ ቱቦውንም በአፍህ ሳይሆን በአየር ንፋ።

ባለ63፦

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። የኔ የ1963 ነው። ኋለኛውን ኦይል ሲል ላዝዝ ስል የሚገጥም አጣሁ።

ጋሽ_ቴስታታ፦

የለውም ወንድሜ። ኤምጂቢ በ1962 ሲወጣ ክራንክሻፍቱ የሚቀመጠው በሦስት ዋና ብሮንዚናዎች ላይ ነበር። የእነዚያ ሞተሮች የኋላ ጫፍ የጎማ ኦይል ሲል የለውም፤ ክራንኩ ላይ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ነው ሲዞር ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው። ሞተሩ ሲቆም ጥቂት ጠብታ መጣሉ ከአሠራሩ ነው። በ1964 መጨረሻ አምስት ብሮንዚና ያለው ሞተር ሲመጣ ነው የጎማው ኦይል ሲል አብሮ የመጣው። ያንተ ከልኩ በላይ የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ መተንፈሻውን፣ ቀጥሎ የኋለኛውን ዋና ብሮንዚና ክፍተት እይ።

ሮድስተር71፦

በጣም አመሰግናለሁ። ያላችሁትን ሁሉ አየሁ። ማስተንፈሻውን ስከፍተው የተጠራቀመ ግፊት የለም፣ መንሸራተቱም ባለበት ነው። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ከላይና ከጎን ደረቅ ነው፤ ከሥር ያለው ጠብታ ግን ቀጠለ፣ ጥቁር ነው፣ የካምቢዮው መጠንም አልቀነሰም። የፊተኛውን የታፔት ክዳን ስፈታው ወንፊቱ በሬንጅ መሳይ ዝቃጭ ተሞልቷል። ስለዚህ ሞተሩ ሊወጣ ነው። ብቻውን ላውጣው ወይስ ከነካምቢዮው?

ማርሽ_አራት፦

ብቻውን። ከነካምቢዮው ከሆነ ዘይቱን ማፍሰስ፣ የካርዳን ሻፍቱን፣ የፍጥነት መለኪያውን ኬብል፣ የኦቨርድራይቩን ሽቦና ተሸካሚውን ብረት መፍታት አለብህ፤ አወጣጡም በጣም ዘንበል ተደርጎ ነው። ካምቢዮው ራሱ ችግር ከሌለበት ለምን ትነካዋለህ?

ጋሽ_ቴስታታ፦

እኔ ከነካምቢዮው ማውጣት ነው የምመርጠው፤ ሲመለስ ሻፍቱን ዲስኩ ውስጥ የምትሰካው መሬት ላይ ሆነህ፣ በዓይንህ እያየህ ነውና። ግን ብቻውን ማውጣትም ይቻላል፣ ሁለቱም ትክክል ነው። ብቻውን ካወጣኸው ይህን ጠብቅ፦ ካምቢዮውን ከሥር በክሪክና በእንጨት ደግፈው፤ የሞተሩ ክብደት ለአንድ ደቂቃም ቢሆን በካምቢዮው የፊት ሻፍት ላይ እንዳይንጠለጠል። ይህ ሞተር ከ150 ኪሎ በላይ ነው፤ ሻፍቱ ቢተርፍ እንኳ የዲስኩን መሃል ያጣምመዋል።

የሞተር መክፈቻውን ማጠፊያ ሳትፈታ ዙሪያውን በእርሳስ አስምር። ራዲያተሩን፣ ሞተሪኖውን፣ ካርቡሬተሮቹንና ማኒፎልዱን አውጣ። ዲስትሪቢዩተሩ ከግድግዳው ጋር እንዳይጋጭ እሱንም ብታወጣው ጥሩ ነው። የታችኛውን ፖምፓ ከቱቦው ጋር እንዳለ ፍታና በሽቦ ወደ ጎን እሰረው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ፔዳሉን እንዳይነካ፣ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል። የሙቀት መለኪያህ በቀጭን የመዳብ ቱቦ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ከሆነ ቱቦው እንዳይታጠፍ። ውስጡ የታሸገ ነው፤ ከተሰበረ በቀላሉ አይጠገንም።

ሮድስተር71፦

ማርሽ አራት እንዳለው ብቻውን ወጣ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ዲስኩ የሞተሩን ዘይት ጠጥቶ አብረቅርቋል፣ ከፍላይዊሉ በኩል ያለው ፊት ከሌላው ይብሳል። ፍላይዊሉ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦችና እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉ። የኦይል ሲሉ ከንፈር ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል፤ እሱን ሳወጣ ክራንኩ ላይ ከንፈሩ የሚያርፍበት ቦታ ጥፍሬ የሚይዘው ቀጭን ቦይ ተፈጥሯል። ይሄኛው አስጨንቆኛል። ክራንኩ መውጣት አለበት?

የቶርኖዋ_ልጅ፦

አይ፣ ክራንኩን አታውጣ። ኤምጂቢ ላይ ኦይል ሲሉ የሚቀመጠው ባክፕሌቱ ውስጥ ነው። አዲሱን ስትጭን አሮጌው ከነበረበት ጥልቀት ትንሽ ለየት አድርገህ አስቀምጠው፤ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይበቃል። ከንፈሩ ካልተበላው ለስላሳ ቦታ ላይ ያርፋል። ዋናው ዙሪያውን እኩል መግባቱ ነው፤ በካሊፐር አራት ቦታ ላይ ለካው። የክራንኩ ጠርዝ ስል ስለሆነ ከንፈሩን ይቀደዋል፤ ከቀጭን የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጠህ ክራንኩ ጫፍ ላይ ጠቅልለው፣ ዘይት ቀባውና በላዩ አንሸራትተህ አስገባው፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ሳበው። ከንፈሩ ወደ ሞተሩ ነው የሚዞረው። ደረቁን ግን አታስገባ፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይቃጠላል።

ባክፕሌቱንም አውጣውና ከጀርባው ያለውን ጓርኒሲዮን ቀይር። ያ ሳህን የካምሻፍቱን የኋላ ጫፍም ስለሚዘጋ ጓርኒሲዮኑ ከደከመ ዘይቱ ከዚያ ወጥቶ የኦይል ሲሉን መስሎ ይታያል። ሳህኑን መስታወት ላይ አስቀምጠህ ቀጥ ማለቱን እይ።

ፍላይዊሉን ቶርኖ ቤት ውሰደው። ሰማያዊው ነጠብጣብ ብረቱ በሙቀት የጠነከረበት ቦታ ነው፤ ሲላጭ ቢላው ላዩ ላይ ይዘላል፣ ስለዚህ በድንጋይ መፈገፈጉ ይሻላል። ስንጥቁ ከፈጋው በኋላም ከታየ ፍላይዊሉን ጣለው፤ በዚያ ዙር የሚሽከረከር የተሰነጠቀ ብረት እግርህ አጠገብ መሆን የለበትም። ጥርሶቹንም እያቸው። ሞተሩ ሲጠፋ የሚቆመው ሁልጊዜ ያው ሁለት ቦታ አካባቢ ስለሆነ ጥርሱ የሚበላው እዚያ ነው። የጥርሱ ቀለበት ለብቻው ይቀየራል፤ አዲሱ ወደ 300 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ላዩ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ፣ በራሱ ይገባል። ከማዘዝህ በፊት የሞተሪኖህን ዓይነት አረጋግጥ፤ የመጀመሪያዎቹ ሞተሮችና ከ1967 መጨረሻ ወዲህ ያሉት ቀለበታቸው አንድ አይደለም።

ሮድስተር71፦

እህቴ በጣም አመሰግናለሁ፣ ትልቅ ሸክም ነው ያወረድሽልኝ። ፍላይዊሉ ተፈግፍጎ ንጹሕ ወጥቷል፣ ስንጥቆቹ ላይ ላዩን ነበሩ።

ጋሽ_ቴስታታ፦

እሰይ። አሁን ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ክራንኩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው። የሚፈቀደው እንቅስቃሴ ከ0.10 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው። ፔዳሉን በረገጥክ ቁጥር የምትገፋው ክራንኩን ጭምር ነው፤ ያንን ግፊት የሚሸከሙት መሃለኛው ዋና ብሮንዚና ጎን ያሉት ግማሽ ጨረቃ ሮንዴላዎች ናቸው። እነሱ ካለቁ ፍሪሲዮኑ አዲስ ቢሆንም ፔዳሉ ልክ አይመጣም፣ ከዚያም አልፎ ክራንኩ ብሎኩን ይበላዋል። ሞተራቸው መኪናው ላይ ያለ ሰዎችም ይህን ማየት ይችላሉ፤ ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው የፊተኛውን የቺንጋ ፑሊ ይይ። በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ካለ ሮንዴላዎቹ አልቀዋል።

የዘይት ቋቱ ከወረደልህ ደግሞ በኋለኛው የብሮንዚና ክዳን ጎንና ጎን ያሉትን የቡሽ ማሸጊያዎች አትለፋቸው። ከዚያ የሚወጣ ዘይትም ያችኑ ቀዳዳ ነው የሚያገኘው።

ክራንኩ ጫፍ ውስጥ ያለችውን የነሐስ ቡሺንግም ቀይር። ትንሽ ናት ተብላ ትታለፋለች። ካምቢዮው የፊት ሻፍት ጫፉን የሚያሳርፈው እሷ ውስጥ ነው፤ ደርቃ ሻፍቱን ከያዘች ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠህም ሻፍቱ ከሞተሩ ጋር መዞሩን አያቆምም፣ የኋላ ማርሽ ስታስገባ ይጮኻል። ለማውጣት ቀዳዳዋን በግራሶ ጥቅጥቅ አድርገህ ሙላና ልኳ የሆነ ብረት አስገብተህ በመዶሻ ምታው፤ ግራሶው ከኋላዋ ገብቶ ገፍቶ ያወጣታል። አዲሷን ከማስገባትህ በፊት የሞተር ዘይት ውስጥ አሳድራት። ነሐሷ ቀዳዳ ቀዳዳ ስላላት ዘይት ትጠጣለች፣ ዕድሜዋን በሙሉ የምትለሰልሰው በዚያ ነው። ውስጧን በሪመር አታስፋት፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ።

ማርሽ_አራት፦

የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ወደ ባለ ኳሱ ቀይረው። ፋብሪካው የገጠመለት የካርቦን ቀለበት ነው፤ እየተፋገ ያልቃል፣ ጥቁር ዱቄት ይረጫል። ባለ ኳሱ አሁን ለኤምጂቢ ተዘጋጅቶ ይሸጣል።

ጋሽ_ቴስታታ፦

እዚህ ላይ አልስማማም። የካርቦኑ ኩሽኔታ አያያዙን ለሚያውቅ ሰው የዲስኩን ያህል ዕድሜ ይቆያል። የሚጨርሰው የእግር ልማድ ነው፤ መብራት ላይ ማርሽ አስገብቶ ፔዳል ረግጦ መቆም፣ ወይም እየነዱ እግርን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ። ካርቦኑ ውስጡ የሚደርቅ ግራሶ ወይም የሚጮኽ ኳስ የለውም። ሹካው የሚሄደው በቅስት ነው፤ የካርቦኑ ፊት ጠፍጣፋ ስለሆነ ፕሬዠር ፕሌቱ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ቀለበት ላይ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ይችለዋል፣ ሥራው ለእሱ ነው የተቀየሰው። እኔ ገንዘቤን የማወጣው ሹካው በሚዞርበት ፒንና ቡሺንግ ላይ ነው። ያ ሲላላ ሹካው እየዘነበለ ይገፋል፤ የትኛውም ኩሽኔታ በአንድ ጎኑ ይበላል።

ማርሽ_አራት፦

የከተማ መጨናነቅ ውስጥ የሚነዳ ሰው ፔዳል ሳይረግጥ አይውልም ጋሼ። እኔ ባለ ኳሱን ብዙ ነድቼበታለሁ፣ እስካሁን ድምፅ የለውም። የሹካውን ቡሺንግ ግን አብሬዎት ነኝ፣ እሱ የግድ ነው።

ሮድስተር71፦

ካርቦኑን መረጥኩ፣ በእረፍት ቀን ብቻ ነው የምነዳው። የሹካው ፒን በአንድ ጎኑ ግማሽ ሆኖ አልቋል፤ ፒንና ቡሺንጉን ቀየርኩ። የካምቢዮውን የፊት ኦይል ሲል ካምቢዮው መኪናው ላይ እንዳለ መቀየር ይቻላል?

ማርሽ_አራት፦

ይቻላል። ሹካውን አውጥተህ የፊት ክዳኑን ፈትተህ ነው። ከክዳኑ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን ሺሞች (የክፍተት ማስተካከያ ሮንዴላዎች) የተመጠኑ ናቸውና አንዷም እንዳትጠፋ። ክዳኑ ሲመለስ ሻፍቱ ልክ መሃሉ ላይ መሆኑን እይ፤ ካልሆነ አዲሱ ከንፈር በአንድ ጎን ይጫናል።

ከመግጠምህ በፊት ያንን የአሮጌ ዲስክ ዱቄት በአየር አትንፋው። የድሮ ዲስኮች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁን በላስቲክ አስረህ ጣለው፣ ጭንብል አድርግ።

የቶርኖዋ_ልጅ፦

የማጥበቂያ ልኮቹን ልስጥህ። የፍላይዊሉ ስድስት ቡሎኖች 40 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም 54 ኒውተን ሜትር፤ የሚቆልፏቸው ቆርቆሮዎች አዲስ ይሁኑ። ፕሬዠር ፕሌቱን ከፍላይዊሉ ጋር የሚያስሩት ከ25 እስከ 30 ፉት ፓውንድ፣ ከ34 እስከ 41 ኒውተን ሜትር። ፕሬዠር ፕሌቱን በሰያፍ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት እያዞርክ እሰረው፤ አንዱን ጎን ቀድመህ ከጨረስከው ይጣመማል። የዲስኩ መሃል ወጣ ያለው ጎን ወደ ካምቢዮው ነው የሚዞረው። መሃል ማስያዣውን ዘንግ የመጨረሻው ቡሎን ሳይጠብቅ አታውጣው። የሻፍቱ ጥርሶች ላይ ግራሶ በጣም ስስ፣ የተረፈውን በጨርቅ ጥረገው፤ የበዛው ተወርውሮ አዲሱን ዲስክ ይነካዋል።

ሮድስተር71፦

ሞተሩን ልመልስ ስል የመጨረሻዎቹ ሁለት ሴንቲሜትሮች ላይ እምቢ ብሏል። በቡሎኖቹ ጎትቼ ላስገባው?

ጋሽ_ቴስታታ፦

ተው! እንዳታደርገው። በቡሎን ከሳብከው ዲስኩን ታጣምማለህ ወይም የካምቢዮውን ቤት ጆሮ ትሰብራለህ። ሞተሩ አልገባም ካለ ወይ ጥርሱ አልተገናኘም ወይ ማዕዘኑ ልክ አይደለም። ካምቢዮውን አራተኛ ማርሽ ላይ አድርገው፤ አንድ ሰው የኋላ ጎማዎቹን ካነሳ በኋላ የካርዳን ሻፍቱን ቀስ አድርጎ ያዙርልህ፣ አንተ ሞተሩን እያወዛወዝክ ገፋ አድርግ። በመሃሉ በባክፕሌቱና በካምቢዮው ቤት መካከል ያለውን ክፍተት ከላይና ከታች ለካ፤ እኩል ካልሆነ ክሪኩን ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው። ጭንቅላታቸው የተቆረጠ ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ግራና ቀኝ አስገብተህ መንገድ ብታሲዘው ደግሞ ግማሹ ድካም ይቀርልሃል።

ሮድስተር71፦

ገባ! ክፍተቱ ከላይ ሰፊ ነበር፤ ክሪኩን ትንሽ ዝቅ ሳደርገውና ሻፍቱ ሲዞር በራሱ ተንሸራቶ ሄደ። አሁን ሁሉም ተገጥሟል፣ ሞተሩም ተነስቷል። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ግን ግማሹ ባዶ ነው፤ አየር ባወጣም ባወጣም ያው ነው።

የዜድ_ወዳጅ፦

ከታች ወደ ላይ ሙላው፤ ይሄ ፍሪሲዮኑ በፈሳሽ ለሚሠራ መኪና ይሆናል። አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ አንተ ደግሞ ወደ ታች እየገፋኸው ነው። ከላይኛው ፖምፓ ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ ቀንስ፣ ከዚያ በትልቅ ሲሪንጅ አዲስ ዶት 4 የፍሬን ፈሳሽ በታችኛው ማስተንፈሻ በኩል ቀስ እያልክ አስገባ። ፈሳሹ ቀለም ላይ ቢፈስ ቀለሙን ይልጠዋልና ዙሪያውን በጨርቅ ሸፍን።

ጋሽ_ቴስታታ፦

ፔዳሉ ከላይኛው ፖምፓ ዘንግ ጋር የሚያያዝበትን ፒንም አውጥተህ እይ። ፒኑ ከተበላና የፔዳሉ ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ የጉዞህ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚጠፋው፤ የቱንም ያህል አየር ብታወጣ አይመለስም።

ሮድስተር71፦

ሁለቱም ነበሩ። ከታች ስሞላው የአየር አረፋ በላይኛው ዕቃ ውስጥ ሲፈላ አየሁት። ፒኑም መሃሉ ተበልቶ ደረጃ ሠርቷል፣ ቀዳዳው ሞላላ ነው። ፒኑን ቀየርኩ፣ ቀዳዳውን በብየዳ አስሞልቼ እንደገና በልኩ አስበሳሁት። አሁን ፔዳሉ ከላይ ጀምሮ ይሠራል፣ የኋላ ማርሽ ያለ ድምፅ ይገባል፣ ያው ዳገት ላይ በአራተኛ ነዳጅ ስሰጠው መኪናው ይጎትታል። ሥሩ ያነጠፍኩት ካርቶን እስካሁን ደረቅ ነው።

አዲሱን ዲስክ ለማላመድ የተለየ አነዳድ ያስፈልጋል?

የቶርኖዋ_ልጅ፦

ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ሞተሩን አስጩኸህ አትነሳ፣ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዘህ አትቁም። ከተማ ውስጥ ማርሽ እየቀያየርክ መንዳቱ ከረጅም አውራ ጎዳና ይሻላል፤ ዲስኩና ፍላይዊሉ የሚላመዱት በመገናኘትና በመለያየት ነው። ከዚያ የታፔት ክዳኖቹን ቡሎን አንዴ ነካ አድርጋቸው፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ይቀመጣል። ነካ ብቻ፣ ጋሼ እንዳሉት ቆርቆሮው ይጎብጣል።